ቀዩ ይሻላል

ቸርችል ጎዳና ላይ ምክር በነጻ ይታደላል። ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ እስከ ለገሃር የሚወርድ ሰው ጫማ ሳያስጠርግ፣ ሎተሪ ሳይቆርጥ፣ ታክሲ ሳይሳፈር ሊያልፍ ይችላል፤ ሳይመከር ግን አያልፍም። ስለ ጨጓራ፣ ስለ ዶላር፣ ስለ ቪዛ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ «እኔ እንጃ» የሚል ሰው በዚህ መንገድ ላይ ገጥሞኝ አያውቅም። ሰሞኑን ደግሞ ሊቃውንቱ አዲስ ክፍል ከፍተዋል፤ የግላይደር። ክንፏ ረጅም፣ ሰውነቷ ቀጭን፣ ሞተሯ ቢጠፋም አየር ላይ ተንሳፋ የምትቆይ፣ መሬት ላይ ለቆመ ሰው ሪሞት የምትታዘዝ ትንሽ አውሮፕላን ማለት ናት።

ነገሩን ያመጣው አንድ የቢሮ ሰው ነው። ስሙን ለቤቱ ሰላም ስል እተወዋለሁ። ውጭ አገር ያለው ታናሽ ወንድሙ ለበዓል ሊመጣ ሲል «ጋሼ፣ ምን ላምጣልህ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እንደ ደንቡ ጫማ ወይም ስልክ ማለት ሲገባው «ግላይደር» አለ፤ ቀጥሎም ማንም ሳይጠይቀው «ለልጁ ነው» ሲል ጨመረበት። ታናሽየው «የትኛውን?» ብሎ መለሰ። መከራው የተጀመረው ያኔ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ኪሱ ይዞ ፒያሳ የገባ ሰው የሚያገኘው መልስ ሳይሆን ጉባኤ ነውና።

ጉባኤው የተቀመጠው፣ ይቅርታ፣ የቆመው ቶሞካ ቡና ቤት ነው። ቡናውን ቆሞ የሚጠጣ ሰው ክርክር ያሳጥራል ብሎ የሚያስብ ካለ ፒያሳን አያውቃትም፤ የሚደክመው እግር እንጂ አፍ አይደለም። የመጀመሪያው መካሪ በሰውየው ስልክ ላይ የተደረደሩትን የአውሮፕላን ፎቶዎች በጣቱ እየገፋ አየና «ቀዩ ይሻላል» አለ። ምክንያት አልሰጠም፤ አልተጠየቀምም። ሁለተኛው ጠንካራ ዕቃ ከባድ ዕቃ ነው ብሎ ያምናል። «ፎም ነው እንዴ? ፎማ ቲቪ የሚታሸግበት ነው!» ሲል ተቆጣ። ሦስተኛው ተዋጊ ጄት የምትመስለውን መረጠ። ግላይደር አለመሆኗ ሲነገረው «ታዲያ ምን አለበት? ትፈጥናለች» አለ። አራተኛው አገር ወዳድ ነው። «በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ‹ፀሐይ›ን ሠርቶ ያበረረ ሕዝብ ዛሬ ፎም ያብርር ይባላል?» ብሎ ሲኒውን ድም አድርጎ አስቀመጠ። ፀሐይ በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ መሠራቷ፣ ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጥር 2016 ዓ.ም. መመለሷ እውነት ነው። ከያዝነው ጉዳይ ጋር የሚያገናኛት ግን ክንፍ ያላት መሆኑ ብቻ ነው። ከአራቱ መካሪዎች አንዳቸውም ግላይደር በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ ይህም በጉባኤው ዘንድ እንደ ጉድለት አልተቆጠረም።

ከባድ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው በሚለው ሰው ላይ ብዙ አልፈርድም። ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ ስትታወቅ የኖረች ሰፈር ናት። እዚህ ያደገ ሰው፣ ሚዛን ላይ የወጣ ነገር በከበደ ቁጥር ዋጋውም እንደሚከብድ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቷል። ግላይደር ግን የወርቅ ተቃራኒ ናት፤ ገንዘብ የሚከፈልባት ለሌለው ግራም ነው። ሁለት ሜትር ክንፍ ያላት የጀማሪ ግላይደር ከነባትሪዋ ከአንድ ኪሎ ባትበልጥ ይመረጣል። ቀላል ስትሆን በዝግታ ትበራለች፤ በዝግታ ስትበር ለያዛት ሰው ማሰቢያ ጊዜ ትሰጠዋለች፤ መሬት ስትመታም ጉዳቷ ያነሰ ነው። መሬት መምታቷ ደግሞ አይቀርም። ይህን አስቀድሞ ያላመነ ሰው ግላይደር ባይገዛ ጥሩ ነው።

ፎሙም ቢሆን የቲቪ ማሸጊያው አይደለም። ያ ነጩ ፎም ሲነኩት የሚፈረፈር፣ ሱፐር ግሉ ሲያርፍበት የሚቀልጥ ነው። ለግላይደር የሚውሉት ኢፒኦና ኢፒፒ የሚባሉት ዓይነቶች ሲመቱ ይጎብጣሉ፤ ቢሰበሩም በሙጫ ተጣብቀው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ይበራሉ። ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት የምትሠራዋ ደግሞ እውነት ለመናገር ቆንጆ ናት፤ ስስ ልባስ ለብሳ ፀሐይ ሲያርፍባት የክንፏ አጥንት ሳይቀር ይታያል። አንዴ በአፍንጫዋ ከተተከለች ግን የምትፈልገው አብራሪ ሳይሆን አናጺ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ባልሳ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ማንም ያላነሳው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የምንተነፍሰው አየር። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ ፒያሳ ደግሞ ከቦሌም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍን የሚደግፈው አየር ስለሆነ፣ ያችው ግላይደር ባሕር ዳርቻ ከምትበርበት ፍጥነት ወደ 12 ከመቶ ጨምራ ካልሄደች አየሩ አይችላትም። ፕሮፔለሯም የሚቀዝፈው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቷ ይቀንሳል። እንግዲህ በቆላ ሜዳ «ቀስ ብላ የምትበር» ተብላ የተመሰገነች እዚህ ትንሽ ትቸኩላለች፤ እዚያም «ፈጠን ትላለች» የተባለችውን እዚህ ለጀማሪ መስጠት ነውር ነው። ከባዱን ምረጥ ያለው ሰውዬ ምክሩን እንደ ድሮው ከለገሃር ባቡር ላይ አሳፍሮ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ቢያደርሰው ይሻል ነበር።

ለጀማሪ የምትሆነዋ የክንፎቿ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ያለው ናት። እንዲህ ያለችው ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል፣ ጣትን ከሪሞቱ ቢያነሱ በራሷ ትቃናለች። ለመታዘዝም ሦስት ነገር ይበቃታል፤ ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞራት የጅራት መሪ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዛት የጅራት አግዳሚ፣ ሞተር። ክንፍ ላይ ያሉት፣ ኤይለሮን የሚባሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በኋላ ይደርሳሉ። የእኛ ሰው ግን ይህ በአብራሪዎች ቋንቋ «ሦስት ቻናል» ሲባል ቅር አለው፤ ሳሎኑ ያለው ቴሌቪዥን እንኳ ስንት መቶ ቻናል ያሳያል። ወንድሙ እንደ ጨዋ ሰው ጠያይቆ ሁለት ሐሳብ ልኮለት ነበር። አንደኛዋ የጀርመኑ መልቲፕሌክስ ኢዚስታር ናት፤ ሞተሯ ከክንፏ በስተኋላ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አፍንጫዋ ሲተከል ፕሮፔለሯ አይሰበርም። ሁለተኛዋ ራዲያን የምትባለው ናት፤ ሁለት ሜትር ክንፍ፣ ሦስት ቻናል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ተጣጥፎ ወደ ኋላ የሚተኛ ፕሮፔለር አላት። ሁለቱም ብዙ ጀማሪዎች ሰብረው፣ አጣብቀው፣ እንደገና ያበረሯቸው ናቸው። ጉባኤው ሁለቱንም ውድቅ አደረገ። «የልጅ ይመስላሉ» ተባለ። ለልጁ መሆኑን እስከዚህ ድረስ ሁሉም፣ አባትየውን ጨምሮ፣ ረስቶታል።

መሐል ላይ አምስተኛ መካሪ ገባ። ይህኛው አንብቧል፤ ያነበበ መካሪ ደግሞ ካላነበበው ይብሳል። «ግላይደር ሞተር ካላት ምኑን ግላይደር ሆነች?» አለ። ነገሩ እውነት አለው፤ ሞተር የሌላትን በላስቲክ ስቦ ማስወንጨፍ ወይም ከተዳፋት ላይ መወርወር የቆየ ጥበብ ነው። ለጀማሪ ግን ሞተር ማለት ከፍታ ማለት ነው፤ ከፍታ ደግሞ ስህተትን ለማረም የሚሰጥ ጊዜ ነው። ሰውየው በዚህ አላበቃም። «ተዳፋት ፍለጋ ለምን ይኬዳል? ቸርችል ራሱ ቁልቁለት አይደለም እንዴ? ከማዘጋጃ ቤት ለቀቅ ነው፤ ለገሃር ሄዶ መቀበል ነው» አለ። ጉባኤተኛው በአንድነት ራሱን ነቀነቀ።

ይህችን እንኳ እንቁጠራት። የጀማሪ ግላይደር ሞተሯ ጠፍቶ ጸጥ ባለ አየር ላይ ስትንሳፈፍ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ፊት ለመሄድ አንድ ሜትር ትወርዳለች እንበል። የቸርችል ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች በአማካይ ሲታሰብ ከዚያ የለዘበ ነው፤ መንገዱ አንድ ሜትር ለመውረድ ሃያ ሜትር ይሄዳል ብንል ብዙ አንሳሳትም። ስለዚህ አውሮፕላኗ ወደ አስፋልቱ የምትጠጋው አስፋልቱ ከእሷ ከሚሸሸው ፈጥና ነው። ከሰው ቁመት የተወረወረች እንደሆነ ስልሳ ሜትር ገደማ ሄዳ መንገዱን ትስማለች። ብሔራዊ ቴአትር ቀርቶ፣ ፖስታ ቤቱ ቀርቶ፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ካለበት ቴዎድሮስ አደባባይም አትደርስም። ያውም ሚኒባሱ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውና እግረኛው ከመንገድ ዘወር ካሉላት ነው። ተዳፋት ለግላይደር የሚጠቅመው ሜዳ አቋርጦ የመጣ ነፋስ ግንባሩን መትቶት ወደ ላይ ሲነሳ ነው፤ በሕንፃ መሐል የሚሽሎከሎክ ነፋስ ግን ማንሳቱ ቀርቶ ይዞ ያላጋታል። ደግሞስ ከተማ መሐል፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት በተሰለፉበት ጎዳና ላይ ይህን መሞከር ከፊዚክስ በፊት ከፖሊስ ጋር ያገናኛል።

በመጨረሻ የታዘዘችው ቀይ ናት። ባልሳ ናት፣ ሦስት ሜትር ክንፍ አላት፣ ኤይለሮንም ሌላም ሌላም አላት። ወንድምየው ባትሪዋን በእጅ ሻንጣ ይዞ መጣ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድምና። ወደ አገር ከመግባቷ በፊት ፈቃድ ተጠይቆላታል፤ በዚህ ሰውየው ይመሰገናል። ካሜራ የሌላት ግላይደርም ብትሆን ለፈታሽ ዓይን ከድሮን የምትለየው በባለቤቷ አንደበት ብቻ ስለሆነ፣ ወረቀቱን ሳይጨርስ ዕቃውን የሚያዝ ሰው ገንዘቡን ቦሌ ጥሎ ሊወጣ ይችላል። ይሁንና ለፈቃዱ ያሳየውን ትዕግሥት ለመብረሩ አላሳየም።

ካርቶኗ ቸርችልን በሚኒባስ የወረደች ዕለት ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀ። «ዕቃ እኮ ነው» ሲባል «አባቴ፣ ዕቃው ተቀምጧል፤ ሰው ቆሟል» አለ። ከዚያ ሁሉ መካሪ መሐል በሥራው ላይ እውቀት ያየሁት ይህ ልጅ ዘንድ ብቻ ነው።

ቤት ስትደርስ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ እጁን ዘረጋ። «አባዬ፣ እኔ ልያዛት?» «ዕቃ ነው፤ አትንካ» ተባለ። ታናሽ ወንድምየው ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የማብረር መለማመጃም ይዞ መጥቶ ነበር። ሰውየው ተቆጣ። «እኔ ጌም የምጫወት ሰው እመስልሃለሁ?» መለማመጃው ላይ መቶ ጊዜ ወድቆ ያለ ወጪ መነሳት ይቻላል፤ ጣት የሚማረው እንደዚያ ነው። በተለይ አንድ ነገር ራስ የሚያውቀው፣ ጣት ግን የማያምነው አለ። አውሮፕላኗ ከአንተ ስትርቅ ቀኝ ያልካት ወደ ቀኝህ ትዞራለች፤ ወደ አንተ ስትመጣ ግን ያው ቀኝ ግራህ ይሆናል። መላው ማንሻውን ክንፏ ወደ ወደቀበት ጎን መግፋት ነው። ይህን በንግግር ማስረዳት ሃያ ሰከንድ ይፈጃል፤ ጣትን ማሳመን ግን ሳምንታት ይወስዳል። ልጅየው ማታ ማታ አባቱ ሳያይ እየከፈተ ተለማመደ። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውል ትውልድ በከንቱ አልዋለም።

የመጀመሪያው በረራ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሱሉልታ በኩል ሆነ። ጀማሪ የሚበረው በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ ነው፤ ነገር ግን ጉባኤው በማለዳ አይነሳም። ተመልካች ከሌለ ደግሞ ሦስት ሜትር ቀይ ክንፍ ምን ይሠራል? አምስቱም መካሪዎች መጡ፤ አንዱ ቆሎ ይዞ ነበር። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ዳር ላይ ባሕር ዛፍ ተሰልፏል። ሰፊ ሜዳ መሐል ቆማ አንድ ዛፍ ብቻ ብታይ ወደዚያው የምትሄድ አውሮፕላን መኖሯን የሚያውቁ ያውቃሉ።

ከነፋስ ፊት ለፊት መወርወር ሲገባ ከነፋስ ጋር ተወረወረች፤ ለፎቶ ፀሐይዋ በዚያ በኩል ትመች ነበር። ዝቅ ማለት ስትጀምር ከዳር «ከፍ አድርጋት! ከፍ አድርጋት!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ጎተታት። አፍንጫዋ ቀና አለ፣ ፍጥነቷ አለቀ፣ ክንፏ አየሩን ለቀቀ። እንዲህ ፍጥነት ማጣት ከሰውየው በፊት ታላላቆችን ጥሏል። ኦቶ ሊሊየንታል የተባለው ጀርመናዊ በራሱ በሠራቸው ግላይደሮች ተንጠልጥሎ ወደ ሁለት ሺህ ጊዜ በርሯል። የዓድዋ ድል በተገኘበት በ1888 ዓ.ም.፣ በነሐሴ ወር፣ ግላይደሯ በነፋስ አፍንጫዋን አቅንታ ፍጥነት አጣችና ከ15 ሜትር ያህል ከፍታ ወድቆ በማግስቱ ሞተ። ሊሊየንታልን የጣለው ነፋስ ነው፤ የእኛን ሰው ግን ጉባኤ። የሚያዋጣው ተቃራኒው ነበር፤ አፍንጫዋን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ፍጥነት መግዛት። መሬት ፊት ለፊት እየመጣ አፍንጫን ወደ መሬት ማዘዝ ግን ያልተለማመደ ጣት የሚፈጽመው ነገር አይደለም።

አንዴ ሞተሩን ከፍቶ አተረፋት። ከፍ አለች፤ ዞረችም። እልልታ ቀረሽ ደስታ ሆነ። ያኔ ሰውየው ፊቱ ተለወጠ፤ እየመጣች ይሁን እየሄደች ሊለይ አልቻለም። ከላይም ቀይ፣ ከታችም ቀይ ናትና! ለካ ቀለም ለአብራሪው ነው የሚሠራው። ለጀማሪ የላይኛውና የታችኛው ገጽ ቀለም ሲለያይ፣ የታችኛው ደግሞ ጠቆር ሲል፣ ብሩህ ሰማይ ላይ ወዴት እንዳዘነበለች ከሩቅ ይታወቃል። ልጁ «አባዬ፣ ወደ እኛ እየመጣች ነው፤ ማንሻውን ወደ ወደቀው ክንፍ!» ብሎ ጮኸ። «ዝም በል፤ ትልቅ ሰው እያበረረ ነው» አለው መካሪ ቁጥር ሁለት። የቀረውን ባሕር ዛፉ ጨረሰው።

ስብርባሪው ተለቅሞ ሲያበቃ ቀዩን ያስመረጠው ሰው ቆሎውን እያሻመደ መጣ፤ ክንፉን አገላብጦ አየና «እኔ እኮ መጀመሪያም ሰማያዊው ይሻላል ብዬ ነበር» አለ።

ግላይደር ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መካሪያችሁን «አንተ ስንት ሰብረሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። «አንድም» ካለ የቡናውን ሂሳብ ክፈሉለትና ተሰናበቱት።